ሙሽራዋ ለምን አልሳቀችም

ፎቶ ቤቴን ከዘጋሁ ወዲህ ባለቤቴ አስካለ አንድ ከባድ ችግር ገጥሟታል፤ እሱም እኔ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ቤት ነኝ። ሶፋው ጥግ ተጎልቼ የገባውን የወጣውን አስተውላለሁ። ባለፈው ጎረቤታችን መጥታ ገና ሰላም ሳትለን «ስኳር ነው የፈለገችው፣ አስካለ» አልኩ። «በምን አወቁ ጋሼ?» አለች ሴትየዋ ደንግጣ። «ቀኝ እጅሽን ነጠላሽ ሥር ደብቀሽ ነው የገባሽው፤ ኩባያ ይዘሻል» አልኳት። ትክክል ነበርኩ። አሁን ስኳር የምትበደረው ከሌላ ቤት ነው፤ አስካለም የሰፈሩን ወሬ የምትነግራት ሰው አጥታ አኩርፋኛለች።

ምን ላድርግ፤ ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ገላ ሳይ ነው የኖርኩት። (አስካለ ይህን ዓረፍተ ነገር አንብባ «አስተካክለው» ብላኛለች። እንዳለ ትቼዋለሁ።) ፒያሳ ውስጥ ፎቶ አንሺ ነበርኩ። ጉርድ ፎቶ፣ የምረቃ ፎቶ፣ የክርስትና ፎቶ፣ የሠርግ ፎቶ። የሠራሁበት ቤት ለልማት ፈረሰና እኛም ከከተማው ጫፍ ወዳለ ኮንዶሚኒየም ገባን። ልማቱ ባይመጣ ኖሮ የእጅ ስልክ ይዘጋኝ ነበር፤ ለክብሬ ግን «ልማት ነው ያስነሳኝ» ማለቱ ይሻለኛል። ስለ ገቢዬ ምንም አልጽፍም፤ አስካለ ያኔም አላመነችኝም፣ አሁንም አታምነኝም።

ካነሳሁት ሰው ሁሉ በሐሳቤ የሚመላለሱት አንድ ባልና ሚስት ናቸው። አንድ ጣራ ሥር ይኑሩ ወይስ ተለያይተው ይቅሩ የሚለው ጉዳይ በእኔ ፎቶ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ፎቶ አንሺ እንዲህ ያለ ሥልጣን ሲይዝ ምን እንደሚያደርግ ልነግራችሁ ነው። ያበላሻል። ግን እንዴት እንዳበላሸሁ እንዲገባችሁ ከአገጭ ልጀምር።

አገጩ የሙሴ አርቲን ነው። ሙሴ አርመን ናቸው፤ ፒያሳ ተወልደው ፒያሳ ያደጉ፣ በአማርኛ ሲሳደቡ የአራዳ ልጅ ቆሞ የሚማርባቸው ሰው። እሳቸው ጋ የተቀጠርኩት ወለል ለመጥረግ ነበር። በጀመርኩ ሰሞን ጨለማው ክፍል ውስጥ የማላውቀው ካርቶን አገኘሁና ይዤው ወጣሁ። ሙሴ ባንኮኒው ላይ ደንበኛ ያነጋግራሉ። ካርቶኑን ከፍ አድርጌ «ልክፈተው?» አልኳቸው። አገጫቸውን ወደ ላይ ቀና፣ ቅንድባቸውን ከፍ አደረጉ። እኛ ቤት አገጭ ሽቅብ ከሄደ፣ ቅንድብም ከተነሳ፣ «አዎ» ነው። ጥቁሩን መጠቅለያ ቀድጄ ከፈትኩት። ለካ ብርሃን የማይነካው የፎቶ ማተሚያ ወረቀት ኖሯል። ፀሐይ አየው፣ እኔም አየሁት፣ ሙሴም አዩት።

ደንበኛው እስኪወጣ ጠብቀው ካርቶኑ አጠገብ ቁጭ አሉ።

«አይሆንም አላልኩህም?»

«ኧረ አዎ ነው ያሉኝ።»

«እኔ?»

«አገጭዎን ቀና አደረጉ እኮ።»

«ቀና ማድረግማ አይሆንም ነው።»

«በማን አገር?»

ሊሰድቡኝ አፋቸውን ከፈቱና አገጫቸውን ዳሰሱ። «በእናቴ አገር» አሉ። «አማርኛውን የለመድኩት ከዚህ ሰፈር ነው። አገጬ ግን የእናቴ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእኔ አዎና አይደለምን በአፋቸው ብቻ ሊነግሩኝ ተስማማን። ወረቀቱን ግን ከደመወዜ ቆረጡት፤ ይህን ሲነግሩኝ አገጫቸው ንቅንቅ አላለም።

ሙሴ ሰው ፎቶ ሊነሳ ሲመጣ ካሜራ አይነኩም። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከበሩ እስከ ወንበሩ ድረስ የሚመጣውን ሰው በዓይናቸው ይከተላሉ። ማን ቀድሞ ገባ፣ ማን ለማን በር ያዘ፣ ማን የማንን ኮሌታ አስተካከለ። «ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ሰውየው ያዘጋጀው ሰውዬ ነው» ይሉ ነበር። «እኔ የምፈልገው በሩ ላይ የነበረውን ነው።» ከዚያ ፊቱን ትተው እጁን ያያሉ። እጅ የት እንደሚቀመጥ ካልታወቀ አያነሱም። ሰውየው እጁን ማስቀመጫ አጥቶ ሲቸገር፣ እሳቸውም አብረውት ተቸግረው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጫማው ይጠይቁታል። እጁ ሲረሳ ብቻ ቀጭ ያደርጉታል። «ሳቁ» ሲሉ አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም። አንዷ ደንበኛ «ሙሴ፣ ልሳቅ እንዴ?» ብትላቸው «የሚያስቅ ነገር አለ?» አሏት። ሳቀች፤ አነሷት።

ሥራውን ከለመድኩ በኋላ ትቻቸው አራት ኪሎ አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ፎቶ አንሺ ሆንኩ። ከረባት አሰርኩ። ሙሴ ከረባቴን አይተው «አንገትህ ታሟል?» አሉኝ። እዚያ ሥራዬ እንግዳና ባለሥልጣን ሲጨባበጡ ማንሳት ነበር። አለቃዬ ሰው አክባሪ ነበሩ፤ እንግዳ ሲጨብጡ እንደ ወጉ ቀኝ ክንዳቸውን በግራ እጃቸው ደገፍ ያደርጋሉ። አንዲት የውጭ አገር እንግዳ ጸሐፊያቸውን ለብቻዋ ጠርታ «ኃላፊው ክንዳቸውን ምን ሆነው ነው?» ብላ ጠየቀቻት። አንድ ጃፓናዊ መሐንዲስ ለሰላምታ ጎንበስ ሲሉ አለቃዬ ደግሞ ጉንጭ ለመሳም ጠጋ አሉና ግንባር ለግንባር ተላተሙ። በቅጽበቷ ነው ያነሳኋት። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ የጠራ ፎቶ አንስቼ አላውቅም። አለቃዬ አይተው «ይሄ ፎቶ የለም» አሉኝ። የለም።

ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን እኛ አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን የምንለው «አዎ» ነው። ፈረንጁ ባለሙያ እቅዱን ያስረዳል፤ አለቃዬ በየዓረፍተ ነገሩ ማብቂያ አየር ሳብ እያደረጉ «እህ» ይላሉ። ፈረንጁ ፊቱ እየተለወጠ ሄደና በመጨረሻ ንግግሩን አቁሞ «ውኃ አምጡላቸው» አለ። አለቃዬ ውኃውን ጠጡ። ለምን እንደመጣላቸው እስከ ዛሬ አያውቁም።

ሙሴ ሲያረጁ ፎቶ ቤቱን ለእኔ ለቀቁልኝ፤ ከረባቴን ፈትቼ ፒያሳ ተመለስኩ። ያ የባልና ሚስቱ ነገር የመጣው እንግዲህ የራሴ ጌታ ሆኜ፣ ከእኔ በላይ ሰው አዋቂ የለም ብዬ ልቤ ያበጠበት ጊዜ ላይ ነው። የከተማው ባቡር ገና ሥራ አልጀመረም ነበር።

ከፎቶ ቤቴ ሁለት በር ዝቅ ብሎ ዘበርጋ የሚባል የጉራጌ ሰው ጨርቃ ጨርቅ ይሸጥ ነበር። እኩያዬ ነው። ሜትሩን ከአንገቱ አያወርድም፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እንኳ የረሳው ቀን አለ። ልጁ ወይንሸት ሱቁ ውስጥ ትሠራለች፤ ሳቂታ ናት፤ ሳቋ ሁለት በር አልፎ እኔ ጋ ይሰማል። ደሳለኝ የሚባል የሰፈር ልጅ ይወዳት ነበር። ፈረንጅ አገር ሄዶ ዳቦ ቤት ተቀጠረ፤ ለሠርጋቸው የጥቂት ሳምንት ፈቃድ ወስዶ መጣ። እሱ ተመልሶ ሊሄድ፣ እሷ ደግሞ ሚስትነቷን ለኤምባሲው አስረድታ ልትከተለው። ማስረጃው ፎቶው ነው። ፎቶውም የእኔ ነው።

የሠርጋቸውን ቀን ሙሉ ተጠበብኩበት። ወይንሸት ካሜራው ፊት እንደቆመች ጥርሷ ብልጭ አለ።

«ከንፈርሽን ግጠሚ ልጄ» አልኳት።

«ደስ ብሎኛል እኮ ጋሼ።»

«ደስታውን ለቤትሽ አቆዪው። እናትሽ ነገ ይሄን ሲያዩ ምን ይላሉ? ትታኝ ስትሄድ ትስቅ ነበር ይበሉ?»

ገጠመች። ዓይኗንም ዝቅ አስደረግኳት። ደሳለኝን እጁን ከፊት ለፊቱ አስጣመርኩት። ዘበርጋን መሀል ወንበር ላይ አስቀምጬ ሙሽሮቹን ከኋላው በቀኝና በግራ አቆምኳቸው። በአማት ፊት ሚስቱን የሚነካ ወንድ ምን ዓይነት ወንድ ነው? በሌሎቹም ፎቶዎች ላይ በመካከላቸው አንድ ጨዋ ክፍተት ተውኩ። ትልቁን አሳትሜ መስኮቴ ላይ ሰቀልኩት። አላፊ አግዳሚው «የጨዋ ልጅ እኮ ያስታውቃል» ይል ነበር። እኔም ከመጋረጃው ኋላ ቆሜ እሰማ ነበር።

ደሳለኝ ተመለሰ። ወራት አለፉና የወይንሸት ቀጠሮ ደረሰ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ፎቶ ቤቴ በር ላይ ቆማ አየኋት፤ ከበሩ እስከ ወንበሩ ስትመጣ ነገሩ ገባኝ።

«ከለከሉኝ፣ ጋሼ አሰፋ።»

«ምን ጎደለ አሉሽ?»

«ፎቶው ነው።»

ቁጭ አልኩ። «የእኔ ፎቶ?»

«የኤምባሲዋ ሴትዮ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። አንዱም ላይ አትነካኩም፣ አንዱም ላይ አትተያዩም አለችኝ። ሙሽራዋ ለምን አልሳቀችም አለችኝ። አስገድደው ነው የዳሩሽ አለችኝ።»

«አይደለም አላልሽም?»

«አልኩ እንጂ። ከዚያ ባልሽን ትወጂዋለሽ ወይ አለችኝ። ይሄን እንዴት በአፌ እላለሁ፤ አቀርቅሬ አየሬን ሳብ አድርጌ አዎ አልኩ።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ውኃ አመጡልኝ።»

ሴትየዋ ክፉ አልነበረችም። በግድ የሚዳሩ ልጆች ስንት አይታለች፤ ለወይንሸት ተቆርቁራ ነው የጠየቀቻት። እሷ ባደገችበት ቤት በሠርጓ ቀን ያልሳቀች ሙሽራ ተበድላለች። እኛ ባደግንበት ቤት ደግሞ በሠርጓ ቀን የተገለፈጠች ሙሽራ እናቷን በድላለች። መሀል ላይ የእኔ ፎቶ አለ፤ ያለኝን ጥበብ ሁሉ አፍስሼ ልጅቷን ያልሳቀች ያደረግኳት እኔ ነኝ።

ክረምት ሲገባ ደሳለኝ እንደገና ፈቃድ ወስዶ መጣ። እኔ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ስብከነከን ከርሜ ነበር። ፈረንጅ የሚፈልገው መተቃቀፍ ከሆነ መተቃቀፍ ይመጣል ብዬ የውጭ አገር መጽሔት ሰብስቤ ጠበቅኳቸው። አባትየው እንዳያልፍ መጋረጃ ጋረድኩ፣ በር ቆለፍኩ።

«ወገቧን ያዛት» አልኩት ደሳለኝን።

«የቱ ጋ ነው ጋሼ?»

«ወገቧን ሳታውቅ ነው ያገባኻት?»

ወይንሸት ሳቋ ሊያመልጣት ሲል «አሁን! አሁን ሳቂ!» ብዬ ጮህኩባት፤ ሳቋ እዚያው ደረቀ። «ጉንጭሽን ደረቱ ላይ። አንተ ወደ እሷ ተመልከት። ዓይን ለዓይን። ሳቁ። ሳቁ እንጂ።» ሙሴ ዕድሜ ልካቸውን ያላሉትን ቃል በአንድ ጠዋት አሟጥጬ ተናገርኩት። ፎቶዎቹ ሲታተሙ የመጽሔት ሽፋን መሰሉኝ። «ይሄን አይተው ካልፈቀዱ ዓይን የላቸውም» አልኩ።

ዓይን ነበራቸው። ሴትየዋ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየችና አንዱን ወደ ወይንሸት አዙራ በጣቷ የልጅቷን እጅ አሳየቻት። ደሳለኝ ደረት ላይ ያረፈው እጅ ጭብጥ ያለ ቡጢ ነበር። ሌላው ላይ የደሳለኝ መዳፍ ከወገቧ ጋር አልተገናኘም፤ የጋለ ብረት ምጣድ ላይ እንዳለ እጅ አየር ላይ ቀርቷል። አንገታቸው ተጠጋግቷል፤ እግራቸው ግን እያንዳንዱ ወደ የበሩ ነው የሚያየው። «ትወና ነው» አለቻቸው። ጉዳያቸውን አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለመጨረሻ ታየዋለች፤ ያላቸውን ይዘው ይምጡ፤ ከዚያ በኋላ መዝገቡ ይዘጋል።

እኔ ይህን ፎቶ አትሜ፣ ቆርጬ፣ በፖስታ አሽጌ ስሰጥ ቡጢውን አላየሁትም። ሙሴ በመጀመሪያው ወር ያስተማሩኝን እጅ፣ አላየሁም።

በማግሥቱ ዘበርጋ ሜትሩን እንዳንጠለጠለ ገባ። አልተቀመጠም።

«አሰፋ፣ ልጄን ሁለት ጊዜ አሳፈርክብኝ።»

«ዘበርጋ…»

«ቆይ ልጨርስ። ይሄ ሦስተኛው ካልሆነ ሽማግሌ ሰብስቤ ጋብቻውን አፈርሰዋለሁ። ዓመት ሙሉ ጆሮዋ ላይ ስልክ ለጥፋ ነው የምታድረው። ስልክ አግብታ አታረጅም።»

እንደማያደርገው ላስብ ብፈልግም ሰውየውን አውቀዋለሁ፤ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ እጁ ላይ እየጠቀለለ ነበር የሚያወራው። ያን የሚያደርገው ጨርቅ ሊቆርጥ ሲል ብቻ ነው።

ማታ ለአስካለ ፎቶዎቹን አሳየኋት። ሳቀች። «አንተ መቼ ነው እኔን ሰው ፊት አቅፈኸኝ የምታውቀው?»

«ዘንድሮ?»

«በዘመንህ።»

አሰብኩ። «አውቶቡሱ ድንገት ፍሬን የያዘ ዕለት» አልኩ።

«እሱማ እኔ ነኝ የያዝኩህ» አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

ሙሴ አርቲን ያኔ በሕይወት ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ተቀምጠው ማኪያቷቸውን ይጠጣሉ። የመጀመሪያዎቹንም የሁለተኛዎቹንም ፎቶዎች ይዤ ሄድኩና ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ ቆዩ። ከዚያ አገጫቸውን ወደ ላይ ቀና አደረጉ።

«ይሄ አዎ ነው ወይስ አይሆንም?» አልኳቸው፣ ለመቀለድ ያህል።

«በሁለቱም አገር አይሆንም ነው።»

«የመጀመሪያዎቹስ? እነሱ እኮ ወግ አላቸው።»

«ጥሩ ናቸው። ግን እዚህ ላይ ልጅቷ የምታናግረው አባቷን ነው፣ ባሏን አይደለም። እነዚህ ደግሞ…» መጽሔት መሳዮቹን ገፋ አደረጉ። «እነዚህ ልጆች የማይችሉትን ቋንቋ ነው ያስለፈለፍካቸው። እሺ፣ በራሳቸው ሲዋደዱ ምን ያደርጋሉ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«ሁለት ጊዜ አንስተሃቸው?» አሉና፣ መልሴን ሳይጠብቁ የእኔን ኬክ ወደ ራሳቸው ሳብ አድርገው መብላት ጀመሩ። ምክሩ አለቀ ማለት ነው።

ለልጆቹ «ነገ አብሬያችሁ እውላለሁ፤ የምትሄዱበት እሄዳለሁ፣ ካሜራም እይዛለሁ፤ ምንም አድርጉ አልላችሁም» አልኳቸው። ጠዋቱ መከራ ነበር። ካሜራዬ ቀና ባለ ቁጥር ሁለቱም ወታደር ይሆናሉ። ወርቅ ቤት ገብተው የእናቷን የተጠገነ ቀለበት ተቀበሉ፤ እዚያም ቀጥ። ወረቀት ፎቶ ኮፒ ለማድረግ ወደ አራት ኪሎ ሄዱ፤ እዚያም ቀጥ። እኔም ስከተላቸው ደከመኝ፣ እነሱም እኔን ማክበር ደከማቸው። ስንመለስ ምኒልክ አደባባይ አካባቢ ዝናቡ ወረደ፤ ያ መንገደኛውን ሁሉ ደጃፍ ለደጃፍ የሚለጥፈው የሐምሌ ዝናብ። ያላቸው አንድ ዣንጥላ ነው። ደሳለኝ ዘረጋው።

እኔ ካሜራዬን በፌስታል ሸፍኜ ከኋላ እከተላለሁ፤ ማንም እያየኝ አልነበረም። ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ዣንጥላው ቀጥ ብሎ አልቆመም። ሙሉ በሙሉ ወደ እሷ አዘንብሏል። ደሳለኝ በመኪናው በኩል ነው የሚሄደው፤ የግራ ትከሻው ከነክንዱ ዝናቡ ላይ ነው፤ ግራጫው ጃኬት በአንድ ወገኑ ጥቁር ሆኗል። አልተነካኩም። አልተያዩም። ታክሲ ውኃ ሲረጭ እሱ ሳያስብ አንድ እርምጃ ወደ ውጭ ይወጣል፣ ይቀበለዋል፣ ይመለሳል። እሷ ወሬዋን አታቋርጥም። አነሳሁ። ደግሜ አነሳሁ።

አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ተጠለሉ። ወይንሸት ዞር ስትል ትከሻውን አየችው። ፊቷ ተለወጠ። ጃኬቱን ከላዩ ገፈፈችና እጅጌውን እየጨመቀች ጀመረችው።

«አስም እያለብህ? ስንቴ ልንገርህ?»

«ምንም አልሆንኩም።»

«ይሄ ትከሻ የማን ነው?»

«የኔ ነዋ።»

«ያንተ መሰለህ።»

እሱ እንደ ተቀጣ ተማሪ አቀርቅሮ ቆሟል፤ ግን በቀስታ ወደ እሷ ዘንበል ብሏል፣ ቁጣው እንዳያልፈው የፈራ ይመስል። ቀጭ።

ፎቶዎቹን ሳሳየው ዘበርጋ ግንባሩን ቋጠረ። «ይሄማ ጠብ ነው። ሲጣሉ አንስተህ ነው ፍቅራቸውን የምታስረዳልኝ?»

«ያገኘሁት ይሄን ነው» አልኩት። እውነቴን ነው፤ እኔም አልተማመንኩበትም ነበር። አሁንም ሙሽራዋ አልሳቀችም።

የቀጠሯቸው ዕለት ጠዋት ሦስት ጉርድ ፎቶ አበላሸሁ። አንዱን ሰውዬ ዓይኑን ጨፍኖ እያለ አንስቼ አትሜ ሰጠሁት። እኩለ ቀን ላይ ሁለቱ በሩን ከፍተው ሲገቡ ወይንሸት ቀድማ ነበር፤ እግሯ መሬት አይነካም። ከበሩ ላይ አወቅኩ፤ እስክትነግረኝ ግን ጠበቅኩ።

ሴትየዋ የዣንጥላውን ፎቶ ብዙ አየችው አለችኝ። ከዚያ የበረንዳውን አነሳችና «እዚህ ላይ ምን ሆነሽ ነው የተቆጣሽው?» አለቻት። ወይንሸት እዚያ ላይ ማቀርቀሯን ረሳችው። ቀና ብላ ሴትየዋን ፊት ለፊት እያየች፦

«አስም አለበት። እርጥበት አይስማማውም። እዚያ አገር ደግሞ በረዶ ነው አሉ፤ ማን ነው ደርቦ መልበሱን የሚያይልኝ? ሹራብ ሠርቼ ብልክለት ለጓደኛው ሰጠው። ጓደኛው አስም አለበት? የለበትም። ጠይቂው፣ እዚህ ተቀምጧል፣ ጠይቂው…»

አስተርጓሚው ልጅ ሊከተላት ሞክሮ ሹራቡ ላይ ሲደርስ ተወው። ሴትየዋም አልጠበቀችውም። ወደ ደሳለኝ ዞራ «እውነት ነው?» አለችው። እሱ አቀርቅሮ አየሩን ሳብ አደረገ።

«ውኃ አመጡለት?» አልኳት።

«የለም ጋሼ። ማህተሙን ነው ያመጣችው።»

መስከረም ሳይጠባ ሄዱ። የዘበርጋ ሱቅ ጸጥ አለ። ሁለት በር አልፎ የሚመጣ ሳቅ የለም፤ አልፎ አልፎ የመቀስ ድምፅ ብቻ ይሰማኛል። መስቀል ካለፈ በኋላ አንድ ቀን መጥቶ ደጃፌ ላይ ቆመ። የሜትሩን ጫፍ ያሻሻል።

«አሰፋ፣ እኔንና እናቷን አንሳንና ለልጅቷ ላክላት።»

«ጥራቸውና አሁኑኑ ላንሳችሁ።»

«እንደሱ አይደለም። እንደነሱ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሳናውቅ።»

«እሺ፣ አንድ ቀን እኔ…»

«ማክሰኞ ጠዋት ሱቅ አልከፍትም። ማክሰኞ ሳናውቅ አንሳን።»

ማክሰኞ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ባርኔጣ ደፍቶ መጣ። ባለቤቱ እትዬ አበበች አዲስ ጫማና አዲስ ነጠላ አድርገዋል። «እንግዲህ በመንገዱ ዝም ብላችሁ ሂዱ፤ እኔን እርሱኝ» አልኳቸው። ሄዱ። ዘበርጋ ሰልፍ እንደሚመራ ሰው ደረቱን ነፍቶ። በየጥቂት እርምጃው ዞር ይልና፦

«አሁን እናውቃለን?»

«አዎ፣ ታውቃላችሁ።»

«መቼ ነው የማናውቀው?»

«ዘበርጋ፣ ዝም ብለህ ሂድ።»

መንገዱን ወጡት፣ ወረዱት። ሰው ቆሞ ያያቸው ጀመር። እትዬ አበበች መቀመጫ አጥተው የተዘጋው ሱቃቸው ደረጃ ላይ ቁጭ አሉ። እኔ መሸነፌን አምኜ ማዶ ተሻግሬ ግድግዳ ተደገፍኩ። ዘበርጋ ግራና ቀኙን ቃኘና፣ እኔን ስላላገኘኝ ባርኔጣውን አውልቆ አጠገባቸው አስቀመጠ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የሚስቱን ጫማ ከእግራቸው ላይ አወለቀ። አውራ ጣቱን ውስጥ ከትቶ ቆዳውን እየገፋ ያሰፋው ጀመር።

«ቁጥሩ ያንስሻል ብዬሽ አልነበረም?»

«ለፎቶው ብዬ ነዋ።»

«ለፎቶው እግርሽን ትቆርጪ? አምጪው ያኛውንም።»

«ኧረ ተው፣ ሰው ያየናል።»

«ማን ያየናል፤ አሰፋ እንደሆነ ሻይ ሊጠጣ ሄዷል።»

የሚበቃኝን ያህል አነሳሁና ካሜራዬን አውርጄ መንገዱን ተሻገርኩ። ሲያየኝ ጫማውን በፍጥነት ከጀርባው ደበቀ። በሌላው እጁ ባርኔጣውን ደፋ፣ ደረቱን ነፋ፣ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«የት ጠፋህ አንተ» አለኝ። «በል እንጂ እንጀምር።»